በላስቲክ የተጠቀለለው ሪሞት

ላስቲኩ ኮሽ ሲል ዛሬም ትከሻዬ ይሰበሰባል። ይኸው፣ አሁን ይህን ስነግርሽ እንኳ መዳፌ ውስጥ ሆኖ ኮሽ ይላል። የድሮ የሪሲቨር ሪሞት ነው፤ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲኩ ወልቆ የማያውቅ፣ ጫፍና ጫፉ በፕላስተር የታሸገ፣ ከመነካካት ብዛት ቢጫ የሆነ። ቻናል መቀየሪያው ላይ ላስቲኩ ተበስቶ አውራ ጣት ታህል ቀዳዳ ወጥታለች፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ለባትሪ መቀየሪያ ተሰንጥቋል። የእኔ አይደለም፣ የጎረቤቴ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የእሱ ቴሌቪዥን የዱቄት ሳሙና ማስታወቂያ እያሰማ ነው። ድራማው እስኪጀምር ጊዜ አለንና ይህ ሪሞት እንዴት እጄ እንደገባ ላጫውትሽ።

ያኔ የምንኖረው ጠመንጃ ያዥ ነበር፤ አራት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት የቀበሌ ግቢ። ግቢው ጠዋት ጠዋት የሳሙናና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከጀርባችን ካለው ብረት ቤት የብየዳ ጭስ እየተነሳ የተሰጣ ልብስ ላይ ያርፍ ነበር። እኔና እማዬ አንዲት ክፍል ነበረችን። ከእኛ ቀጥሎ፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ፣ እማዬ በኋላ ባለሪሞቱ የሚል ስም ያወጣችለት ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ሲያስነጥስ እማዬ ካልጋዋ ሆና «ይማርህ» ትለዋለች፣ እሱም «ያኑርሽ» ይላታል። ይህ እንግዲህ ሳይጣሉ በፊት ነው።

ዲሽ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ሳህኑ እሱ ጣሪያ ላይ፣ ሪሲቨሩ እሱ ሳሎን፤ ከዚያ ገመድ በቆርቆሮው ሥር እየተሳበ ወደየቤታችን ይገባል። በዚያን ጊዜ ብዙ ግቢ እንዲህ ነበር የሚኖረው። ሁሉም ቤት ቴሌቪዥን አለ፤ ሁሉም ቤት የሚታየው ግን ባለ ሪሲቨሩ የከፈተው ነው። እሱ ዜና ሲያይ ግቢው ዜና ያያል። እሱ አጥፍቶ ሲተኛ ግቢው ይተኛል። መጀመሪያ ላይ ክፉ አልነበረም፤ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ምን ልክፈትላችሁ?» ይል ነበር። ሴቶቹ «ድራማውን!» ይላሉ፣ ይከፍትላቸዋል።

ነገር የመጣው በማርያም ማኅበር ላይ ነው። ተራው የእሱ ቤት ነበር። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ከሄዱ በኋላ አዲሱን ቴሌቪዥኑን ያስጎበኝ ጀመር። «ኦርጅናል ነው፤ ቻይና እንዳይመስላችሁ» እያለ ጀርባውን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል። እማዬ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና «ኦርጅናል ከሆነ ታዲያ ሲሞቅ ለምን እንደተቃጠለ ጀሪካን ይሸታል? እኛ ቤት ድረስ እኮ ነው የሚገባው» አለችው። እውነቷን ነበር፤ ማታ ማታ ያ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ ይመጣብን ነበር። ሰው ሁሉ በሳቅ አለቀ። ሚስቱ ሳትቀር ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። እሱ ብቻ አልሳቀም። ሪሞቱን አንስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ ቧንቧው ሥር ሳሙና አዳልጧት ወደቀችና ዳሌዋ ተሰበረ። በሰው ልብስ አጣቢነት ያሳደገችኝ፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ የማታውቅ ሴት አልጋ ላይ ቀረች። አልጋዋን ከግድግዳው አስጠግተን፣ አክስቴ የሰጠችንን ያን ትልቅ ሆዳም ቴሌቪዥን ከእግርጌዋ አስቀመጥንላት። በዚያ ሰሞን አንድ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ተተርጉሞ ማታ ማታ ይታይ ነበር። በሐሰት ተወንጅላ ከገዛ ቤቷ የተባረረች ሴት ታሪክ ነው። እማዬ ቀኑን የምትገፋው ለዚያች ሴት ብላ ነበር። «ትመለሳለች» ትለኛለች፣ ፀጉሯን ስሠራት። «ያውም እነሱ ራሳቸው ቁልፉን በእጇ ሰጥተዋት።»

ባለሪሞቱ በቀሉን የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ በግድግዳው በኩል ላስቲኩ ኮሽ ይላል። ከዚያ ሴትዮዋ አፏን ከፍታ የልቧን ልትናገር ስትል ትጠፋና ሁለት ወፋፍራም ፈረንጆች በቁምጣ ሲታገሉ ይመጣሉ። ባጋጣሚ እንዳይመስልሽ። እማዬ ድራማ ስታይ ዝም ማለት አይሆንላትም፤ «እንዳታምኚው! ውሸቱን ነው!» እያለች ከሴትዮዋ ጋር ትነጋገራለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትስቃለች። እሱ የሚጠብቀው ያንን ድምፅዋን ነበር። እሷ ስትናገር ኮሽ፣ እሷ ስትስቅ ኮሽ። ቆይታ ነቃችበት። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ፣ ትንፋሿን ውጣ ማየት ጀመረች። ሌላው ሁሉ ቢቀር እናቴን ዝም እንድትል ማድረጉን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ወደፊትም የምል አይመስለኝም።

አንድ ቀን ሄጄ ለመንኩት። በሩ ላይ ቆሜ «ጋሼ፣ እማዬ ካልጋ አትወርድም፤ እባክዎ እስኪያልቅ ብቻ ይተዉላት» አልኩት። ሳሎኑ ያ የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አለው። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ «እናትሽ ኦርጅናል ትግዛና ኦርጅናል ትመልከት» አለኝ። ተመልሼ ስገባ ምን ብዬ እንደምዋሽ እያሰብኩ ነበር፤ እማዬ ግን በግድግዳው ሁሉንም ሰምታዋለች። «ከልደታ ፍርድ ቤት አፍንጫ ሥር እየኖርኩ የምከስበት አጣሁ» አለችና ለመሳቅ ሞከረች። ያን ቀን እራቷን ሳትነካ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እኔም እዚያው እንደቆምኩ፣ ይህን ሰውዬ ሳላቃጥለው እንደማልቀር ለራሴ ማልኩ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር። በመጀመሪያ ደሞዜ ያገለገለ ስልክ ልገዛ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አውጥቶ ከአናቱ ላይ ያለች ጥቁር ነጥብ አሳየኝ። «ይቺን ዓይን አየሻት?» አለኝ። ስልኩን ወደ ሱቁ ቴሌቪዥን አነጣጠረና ሲነካው ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ኳስ ሲያዩ የነበሩ ልጆች ጮኹበት። «ጀለስ፣ አብራው እንጂ!» አሉት፤ እሱም እየሳቀ አበራላቸው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም። ባትሪው ግማሽ ቀን እንደማይውል ነግሮኝ ነበር፣ ሌላ የተሻለም አሳይቶኛል። ያቺን ዓይን ብቻ ነው የገዛሁት ብልሽ አልዋሸሁም።

ማታ፣ ድራማው ሲጀምር፣ ጀሪካን ይዤ ቧንቧው ጋ ሄድኩ። ቧንቧው ከእሱ በር ፊት ለፊት ነው፤ መጋረጃው ግማሹ ተሰብስቦ የሪሲቨሩ አረንጓዴ ቁጥር ይታያል። ውኃውን ከፍቼ፣ ስልኬ ላይ የተደረደሩትን የሪሲቨር ዓይነቶች አንድ በአንድ ስሞክር ቆየሁ። አንዱ ላይ የሳሎኑ ድምፅ በድንገት ጨመረ። እሱ ዞር አለ። እኔ ጀሪካኔን አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ላስቲኩ ኮሽ አለና ታጋዮቹ መጡ። በስልኬ መለስኩት። እንደገና ኮሽ አደረገው፤ እንደገና መለስኩት። ሪሞቱን በመዳፉ መታው፣ አራገፈው፣ ባትሪዎቹን አውጥቶ በጥርሱ ነከሳቸው። እኔ ሦስተኛውን ስመልስ ከቤታችን እማዬ ግድግዳውን በምርኩዟ ደበደበችው። ከዚያ ያ ስንት ጊዜ የጠፋው ሳቋ መጣ። «እንዳታምኚው!» ብላ ጮኸች ለሴትዮዋ። ላስቲኩ ኮሽ ቢልም ሴትዮዋ ንግግሯን አልተወችም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በሕይወቴ ካየኋቸው ጣፋጮች ነበሩ። እኔ ከሥራ ስገባ እማዬ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ትጠብቀኛለች። «ስልክሽን ቻርጅ አድርገሻል?» ነው ሰላምታዋ። ባለሪሞቱ ባትሪዎቹን ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያስመታል፤ እማዬ በመስኮቱ እያየች «ይሙቁለት፣ በርዷቸው ነው» ትላለች። የዲሽ ሠራተኛ አስመጣ፤ ሠራተኛው ሪሲቨሩን ከፍቶ አይቶ ጤነኛ ነው ብሎ ሄደ። በመጨረሻ ሚስቱ «መተት ነው፣ ሰው እጁን አስገብቶብናል» አለችና ከልደታ ማርያም ጸበል አምጥታ ሪሞቱን ረጨችው። ያ ላስቲክ ባይኖር ኖሮ ያኔውኑ ተበላሽቶ ሁላችንም በተገላገልን ነበር። እማዬ ትራሷን አፏ ላይ አድርጋ «ልደታዬ ይቅር በይኝ» እያለች ስትስቅ እንባዋ ወረደ። እሱ ሪሞቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የማይታዘዘውን ቴሌቪዥን ቁጭ ብሎ ሲያይ አይቼዋለሁ። አሳዘነሽ? እኔን አላሳዘነኝም። ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

እኔ የቴክኖሎጂ ሰው አይደለሁም፤ የማውቀው የፎቶ ኮፒ ማሽን ወረቀት ሲነክስ መፍታት ነው። ግን አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። አሁን የያዝኩት ስልክ ጀርባው በካሜራ ተሞልቷል፣ ፊቴን አይቶ ይከፈታል፣ ስንት እርምጃ እንደሄድኩ ሳልጠይቀው ይነግረኛል፤ ያቺ ጥቁር ዓይን ግን የለችውም። ባለፈው ልገዛ ሄጄ ስጠይቅ ሻጩ «እሱ ድሮ ቀረ እኮ እህቴ» ብሎ ሳቀብኝ። አዲሱ ቴሌቪዥኔም ከመከፈቱ በፊት ኢንተርኔት አምጪ፣ ስምሽን ጻፊ፣ እስኪታደስ ጠብቂ ይለኛል። እኔ ከቴሌቪዥን የምፈልገው ብዙ አልነበረም። እናቴ የጀመረችውን እንድትጨርስ ብቻ ነበር።

አልጨረሰችም። የመጨረሻው ክፍል ቀን ግቢው ሁሉ በጊዜ ገብቶ ነበር። እማዬ ነጭ ነጠላዋን አስለበሰችኝና፣ «ሰርግ ነው እኮ» ብላ፣ ወደ ቧንቧው ላከችኝ። ሰውዬው ሲሞክር እኔ ስመልስ፣ ሲሞክር ስመልስ፣ ድራማው ሊያልቅ ጥቂት ቀረው። ሴትዮዋ ከተባረረችበት ቤት በር ፊት ቆመች። በዚያች ጠባብ የመጋረጃ ክፍተት በኩል ጀርባዋን አየሁት። ከቤታችን «አንኳኪ! ምን ያስፈራሻል፣ አንኳኪ!» የሚለው የእማዬ ድምፅ ግቢውን ሞላው። ያኔ ባለሪሞቱ ሪሞቱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ብድግ አለና የሪሲቨሩን ሶኬት ነቀለው። አረንጓዴው ቁጥር ጠፋ። ስልኬን ደጋግሜ ጫንኩት፤ ሶኬቱ የተነቀለ ነገር ምን ይሰማል? ከየቤቱ «አብራው!» «ኧረ አንተ ሰውዬ!» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ከሁሉ በላይ የጮኸችው የገዛ ሚስቱ ነበረች። እሱ በሩ ላይ ወጥቶ «ተቃጠለ፣ ነገ አሠራዋለሁ» አለ። ይህን ሲል የሚያየው የእኛን በር ነበር።

ቤት ስገባ እማዬ ጥቁሩን ስክሪን እያየች ነበር። «ገባች?» አለችኝ።

«አላየሁም እማዬ።»

«ከፈቱላት ወይስ አልከፈቱላትም?»

«አላየሁም።»

በማግስቱ ጎረቤቶች ከዘመድ የሰሙትን ሊነግሯት መጡ። ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። እኔ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር የመጨረሻውን ክፍል አውርጄ በስልኬ አመጣሁላት፤ በክርኗ ገፋችው። «የተቀማሁትን በስርቆት አትመልሺልኝም» አለችኝ። «በዚያው ሰውዬ ዲሽ ነው የማየው። እሱ በዘጋው በር ነው የምትገባው።» ድርቅናዋን እስካሁን ሳታውቂው አትቀሪም፣ አንዴ ካለች አለች ነው። እኔም ከስልኬ ሰረዝኩት። ከእሷ ቀድሜ ማየት ነውር መሰለኝ።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ ገመዳችንን ቆረጠው። ትንሽ ቆይቶ ሰፈሩም ለልማት ተነሳ፤ የግቢው ገመድ ሁሉ ከፈረሰው ቆርቆሮ ጋር ተጠቅልሎ በአይሱዙ ተጫነ። እጣ ስናወጣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እማዬን በወንበር ተሸክመን ደረጃውን ስናወጣት ጎረቤታችን በሩን ከፍቶ ብቅ አለ። እሱ ነበር፤ ባለሪሞቱ። እንዳትናደድ ብዬ ሰጋሁ፤ እሷ ግን ዓይኗ በራ። ገብተን እንደተቀመጥን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጎሽ፣ ሌላ ብሎክ ደርሶት ቢሆን በምን አገኘው ነበር» አለችኝ። አልጋዋንም ከእሱ ግድግዳ አስጠግቼ እንድዘረጋላት አዘዘችኝ። ያ ድራማ አንድ ቀን ይደገማል ብላ፣ ግድግዳውን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ጠበቀች።

ሳይደገም ሄደች። ባለፈው ፍልሰታ፣ ጾሙ ሊፈታ ሲል፣ ተኝታ አልነቃችም። ለቅሶ ላይ እሱ መጣ፤ ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አለኝ። እኔ የማየው እጆቹን ነበር፤ ያን ሶኬት የነቀሉትን።

ከፋሲካ ወዲህ ድራማው ይደገም ጀመር። አልከፈትኩትም፤ ማስታወቂያውን እያየሁ ቀኑን ብቻ እከታተል ነበር። በዚህ መሃል ባለሪሞቱ በሬን አንኳኳ። «ልጄ፣ ቻናሉ ሁሉ ጠፋብኝ። አንቺ ኮምፒውተር ታውቂያለሽ ይሉኛል፤ መጥተሽ ፈልጊልኝ» አለኝ። «ነገ እመጣለሁ ጋሼ» አልኩት። በማግስቱም ነገ አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ነገ ስለው ሰነበትኩና፣ የመጨረሻው ክፍል የሚታይበት ዛሬ ሲደርስ ሄድኩለት። ያው ሪሲቨር፣ ያው አረንጓዴ ቁጥር። ያው ሪሞት በላስቲኩ። ሳሎኑ የመድኃኒትና የተዘጋ ቤት ሽታ አለው፤ ያ የጋለ ፕላስቲክ ግን የለም፣ ኦርጅናሉ ከሞተ ቆይቷል። ቻናሎቹን ፈልጌ መለስኩለት፣ ድራማው የሚመጣበት ላይ አደረግኩት፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። «ይህን አልወድም፣ ዜናውን አምጪልኝ» አለኝ። «እሺ ጋሼ» አልኩና ሪሞቱን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ቆይ፣ ማስታወቂያው አለቀ። የድራማው ዘፈን ነው ይሄ።

የእኔን ቴሌቪዥን አልከፈትኩም። የእማዬ አልጋ በነበረበት ቦታ፣ ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቼ መሬት ላይ ቁጭ ብያለሁ። ሰውዬው «ልጄ! ሪሞቱ የት ገባ?» ብሎ ተጣራ። ወንበሩ ሲጢጥ ሲል፣ ከዘራው ወለሉን ሲነካ ተሰማኝ፤ አንድ፣ ሁለት እርምጃ፣ ወደ ሪሲቨሩ። ትንፋሼን ያዝኩ። የነጠላዬን ጫፍ መንከሴን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሶኬቱ እንደሆነ ያው እዚያው ነው፣ እጁም አልተቆረጠም። ከዘራው ቆመ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወንበሩ እንደገና ሲጢጥ አለ። ጉልበቱ እምቢ ብሎት ይሁን ሌላ አላውቅም፤ አልጠይቀውምም።

ሴትዮዋ በሩ ጋ ደረሰች መሰለኝ፤ ሙዚቃው ዝም አለ። «አንኳኪ» አልኩ ቀስ ብዬ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ እሱም ይስማ። «ምን ያስፈራሻል፣ አንኳኪ!»

አንኳኳች። በር ሲከፈት፣ አንዲት አሮጊት ስታለቅስ፣ የቁልፍ ዘለላ ሲንቃጨል ተሰማ።

«እማዬ» አልኩ ባዶውን ቦታ እየዳሰስኩ። «ቁልፉን ሰጧት። ገባች። ያውም በእሱ ዲሽ።»